«ለፍላፊ» በትክክል ምን ማለት ነው? ከቀባጣሪ፣ ከዘባራቂና ከወሬኛ በምን ይለያል?

ብራና ፋቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ወደ አማርኛ በምመልሰው ታሪክ ውስጥ ንግግር የሚያበዙ ሦስት ሰዎች አሉ። አንደኛዋ የ9 ዓመት ልጅ ናት፤ ክፍል ውስጥ ዝም ማለት አታውቅም፣ ግን የምትወደድ ናት። ሁለተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ትንሽ ነገር ሲጠየቁ ከቅድመ አያት ጀምረው ነው የሚመልሱት። ሦስተኛው ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ያልተጠየቀውን ሁሉ የሚናገር ተጠርጣሪ ነው። የመነሻው ጽሑፍ ለሦስቱም አንድ ቃል ስለተጠቀመ እኔም ሦስቱንም «ለፍላፊ» አልኳቸው። ረቂቁን ያየው አርታኢ «ልጅቷን ሰድበሃታል፣ ሽማግሌውን አዋርደሃቸዋል፣ ተጠርጣሪውን ደግሞ ስተኸዋል» ብሎ መለሰልኝ።

መዝገበ ቃላት ስከፍት ለፈለፈን በቀባጠረ፣ ቀባጠረን በዘባረቀ፣ ዘባረቀን ደግሞ ተመልሶ በለፈለፈ እየፈታ ያዞረኛል። ቃሉ ምን ያህል ይከብዳል? ከሌሎቹስ ድንበሩ የት ላይ ነው?

ጠብቆ ላልቶ፦

ከግሱ ብንነሳ ይሻላል። ለ-ፈ-ለ-ፈ ሁለት ድምፅ ተደግሞ የተሠራ ግስ ነው። እንዲህ ያሉ ግሶች ብዙ ጊዜ የሚናገሩት አንድ ነገር እየተመላለሰ መደረጉን ነው፦ ነቀነቀ፣ ቀጠቀጠ፣ ጎተጎተ፣ ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ። ስለዚህ በለፈለፈ ውስጥ ያለው ብዛት ሳይሆን አለማቆም ነው። ሁለት ሰዓት ያስተማረ መምህር ለፈለፈ አይባልም፤ አምስት ደቂቃ አውርቶ፣ ሰሚው ፊቱን ማዞሩን ያላየ ሰው ግን ይባላል።

እርባታው፦ ለፈለፈ፣ ይለፈልፋል፣ ለፍልፎ፣ ይለፍልፍ፣ መለፍለፍ። በ«ለፈለፈ» እና በ«ይለፈልፋል» ሁለተኛዋ ለ ትጠብቃለች፤ በ«ለፍልፎ»፣ በ«መለፍለፍ» እና በ«ለፍላፊ» ትላላለች። ድርጊቱ ልፍለፋ፣ ጠባዩ ለፍላፊነት ነው። ለወንድም ለሴትም ቃሉ አንድ ነው፤ ለፍላፊው፣ ለፍላፊዋ ብሎ መለየት ነው። ሲበዛ ለፍላፊዎች። አዎንታዊው ትእዛዝ «ለፍልፍ» ከቁጣ ወይም ከፌዝ ውጪ አይሰማም፤ የሚሰማው «አትለፍልፍ!» ነው።

አሁን ሰው የሚረሳቸው ሁለት አገባቦች። አንደኛው ተሳቢ ሲኖረው ነው። «ለፈለፈ» ብቻውን ዝም ብሎ አወራ ነው፤ «ምስጢሩን ለፈለፈው» ግን መያዝ የነበረበትን አወጣው ነው፣ ያወጣው በሁለት ቃል ቢሆንም። ሁለተኛው ያለ ፈቃድ ለሚነገር ንግግር ነው፦ በእንቅልፍ ልቡ ለፈለፈ፣ ትኩሳቱ አስለፈለፈው። ጠበል ላይ ርኩስ መንፈስ ያደረበት ሰው ለፈለፈ ሲባልም ሰውየው አልተሰደበም፤ በአፉ ሌላ ተናገረበት ማለት ነው። ቡዳ በላው የተባለ ሰው «ይለፈልፋል» ተብሎ የሚጠበቀውም የበላውን ስም እንዲያወጣ ነው።

ሦስቱን ስታያይዛቸው የቃሉ እምብርት ይታያል፤ አፍ ከባለቤቱ እጅ ወጥቷል። ወሬ አብዢውም፣ ምስጢር አባካኙም፣ በትኩሳት የሚናገረውም አፋቸውን አልያዙትም።

ስለ መዝገበ ቃላቱ፦ «ለፍላፊ» ብለህ ከመፈለግ በኀላፊው በ«ለፈለፈ» ፈልግ፤ ዘሮቹ ከሥሩ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) ፊደሉን በሀለሐመ ይደረድራል። የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) ግን በአበገደ ነው፤ እዚያ ለ የምትመጣው ከከ በኋላ ነው። ይህን ሳያውቅ መጀመሪያ ገጾች ላይ ለን ፈልጎ «የለም» ብሎ የሚዘጋ ሰው ጥቂት አይደለም።

አራሚ፦

ጠብቆ ላልቶ ያለው ትክክል ነው፤ የድንበሩን ጥያቄ ልጨምርበት።

አንድ መፈተኛ አለ፦ ለተናጋሪው ምን ብለህ ትመልስለታለህ? «በቃህ፣ አፍህን ያዝ» የሚያስብል ከሆነ ለፍላፊ ነው። «ቆይ፣ ከመጀመሪያው በሥርዓት ንገረኝ» የሚያስብል ከሆነ ዘባራቂ ነው። «እውነቱን ተናገር» ካሰኘህ ቀባጣሪ ነው። «እሺ ሰማሁ፣ ተወኝ» ካሰኘህ ነዝናዛ፣ «አንተን ምን አገባህ?» ካሰኘህ ደግሞ ወሬኛ ነው። መልሱ ከተለያየ ቃሉም የተለያየ ነው። አንዱን በሌላው የሚፈታው መዝገበ ቃላት ይህን አያሳይህም፤ ሁሉንም «ያለ ቁም ነገር ተናገረ» ብሎ ያልፋቸዋል።

የግሶቹ ቅርጽም ይረዳሃል። ቀባጠረ፣ ዘባረቀ፣ ዘላበደ፣ ቀላመደ፦ አራቱም ባለ አራት ፊደል ናቸው፣ አራቱም ሁለተኛ ፊደላቸው ራብዕ ነው (ባ፣ ባ፣ ላ፣ ላ)። ለፈለፈ፣ ነዘነዘ፣ ጨቀጨቀ ከሌላው ወገን ናቸው። የደጋጋሚዎቹ ወገን ስለ አለማቆም ይናገራል። የራብዖቹ ወገን የንግግሩ ይዘት መበላሸቱን ይናገራል፤ አጭር ንግግርም ሊሆን ይችላል። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናግሮ «ምን ይቀባጥራል?» የተባለ ሰው ስንት አለ። «በአንድ ዓረፍተ ነገር ለፈለፈ» ግን፣ ምስጢር ካላወጣ በቀር፣ አማርኛ አይሆንም።

ከአራቱ ውስጥ ቀባጠረ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል፤ ውስጡ ፍርሃት ወይም ጥፋተኝነት አለ። ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ «ድመቷ ናት፣ ነፋሱ ነው፣ እኔ እኮ ውጪ ነበርኩ» ሲል እየቀባጠረ ነው። ለዚህ ነው «ምን ያስቀባጥርሃል?» የሚለው ጥያቄ ከሐሳብ ይልቅ ምክንያት የሚጠይቀው፤ የፈራኸው ነገር ምንድን ነው እንደማለት። ከትኩሳትም ጋር ይሄዳል፦ «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀባጥረው አደረ»። እዚህ ላይ ከአስለፈለፈው ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ያስለፈለፈው ሰው የተናገረው ቃል ሊያዝ የሚችል መሆኑ ነው፣ ያስቀባጠረው ግን ጭራና ቀንድ የለውም።

ዘባረቀ ስለ ቅደም ተከተል ነው። ሰውየው እውነት እየተናገረ ሊሆን ይችላል፤ የትናንቱን ከዛሬው፣ የእሱን ከእሷ ቀላቀለው እንጂ። ለዕቃ ከሆነ «ዘበራረቀ» ይባላል፤ ቁም ሣጥኑን ዘበራረቀው እንጂ ዘባረቀው አይባልም። ወጣቱ ግን ዛሬ «አትዘባርቅ» የሚለውን «የማይረባ አታውራ» በሚል ሰፊ ትርጉም ይጠቀምበታል፤ በምልልስ ውስጥ ከመጣብህ ተናጋሪው ስንት ዓመቱ እንደሆነ አስብ።

ዘላበደ ከሁሉም ይከብዳል። ለሚጠሉት ሰው ንግግር የተቀመጠ ቃል ነው፤ የተቃዋሚን መግለጫ ለማጣጣል ሲፈለግ የሚወጣው እሱ ነው። ልቦለድ ውስጥ በተራኪው አፍ ካስገባኸው ተራኪው ወገን ይዟል ማለት ነው። ቀላመደ ደግሞ ቀልድና ውሸት የተቀየጠበት ነው፣ ብዙም አይጎዳም። ባለቤቶቹን ስትጽፍ ደ ወደ ጅ እንደምትለወጥ አትርሳ፦ ዘላባጅ፣ ቀላማጅ።

አትቀባጥርን ከ«አትቅበጥ» ጋር የሚያምታታም አለ። ቀበጠ ሌላ ነው፤ መሞላቀቅ ነው፣ ከንግግር ጋር ግንኙነት የለውም።

ሰያፍ ጭረት፦

አርታኢው ስለ ሽማግሌው ያለው ልክ ነው፤ ምክንያቱን ላስረዳ። ብዙ ተርጓሚ የአክብሮት መደብ ቃሉን የሚያለዝበው ይመስለዋል። አያለዝበውም። «አባባ ይለፈልፋሉ» ስትል አንቱታው በቦታው አለ፣ ስድቡም በቦታው አለ፤ እንዲያውም ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቆሙ ፌዝ ይመስላል። ለታላቅ ሰው ግሱን ራሱን ነው መቀየር፦ ጨዋታ ያስረዝማሉ፣ ወግ ይወዳሉ፣ ነገሩን ከሥሩ ነው የሚያመጡት። የመጨረሻው ለአንተ ሰውዬ ልክ የተሰፋ ይመስለኛል። «ጨዋታ አዋቂ» እንዳትላቸው፤ እሱ ሙገሳ ነው፣ ሰሚን የማያሰለች ሰው ነው።

ንቀቱ ከቃሉ ጋር የቆየ ለመሆኑ ማስረጃ ከፈለግህ የ1954ቱን መጽሐፍ ቅዱስ፣ የሐዋርያት ሥራ 17፥18ን ተመልከት። የአቴና ፈላስፎች ጳውሎስን «ይህ ለፍላፊ» ይሉታል። የግሪኩ ቃል መነሻው ዘር የምትለቅም ወፍ ናት፤ ከዚህም ከዚያም ወሬ የሚቃርም ማለት ነው። ተርጓሚዎቹ ለፍላፊን የመረጡት ጳውሎስ ረጅም ስለተናገረ አይመስለኝም፤ ሰዎቹ ሊሰሙት የማይገባ አድርገው ስለቆጠሩት ነው።

ለልጅቷ ደግሞ ቅጽል አትፈልግላት፤ ግስ ስጣት። አማርኛ የሚወደድን ሰው በስም ሳይሆን በሚያደርገው ነው የሚነካው። «አፏ አያርፍም» ቀላል ነው፣ እናትም ፈገግ ብላ ትለዋለች። «ምላሷ አያርፍም» ካልክ ግን ሌላ ቦታ ሄድክ፤ ምላስ ሲገባ መልስ መስጠትና ታላቅ መዳፈር ይገባል። «ምላሰኛ» እና «አፈኛ» የሚባሉት ከብዛት ይልቅ ስለት ያለውን አፍ ነው፤ በቀን ሦስት ቃል የሚናገር ሰው አፈኛ ሊሆን ይችላል። «ነገረኛ» ደግሞ ጠብ ፈላጊ ነው፤ «ነገር ያበዛል» ሲባልም ብዙ ይናገራል ማለት አይደለም፣ ቀላሉን ያካብዳል፣ ይከስሳል፣ ይካሰሳል ማለት ነው። በትርጉም ሥራ ላይ በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው፤ «ነገር» የሚለው ንግግር መስሏቸው።

አፍ የገባበት ሁሉ ግን ስድብ አይደለም። አፈ ጉባኤ፣ አፈ ንጉሥ፣ አፈ ቀላጤ የሥራ ስሞች ናቸው። አፈ ጮሌና አፈ ቅቤ ሲሆኑ ነው የሚከፋው፤ አፈ ቅቤ ደግሞ ጎረቤቱ ልበ ጩቤ ስለሆነ።

ብራና ፋቂ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ለልጅቷ «አፏ አያርፍም»፣ ለሽማግሌው «ነገሩን ከሥሩ ነው የሚያመጡት» አልኩ። የቀረው ተጠርጣሪው ነው። አራሚ እንዳለው ፍርሃት ስላለበት «ቀባጠረ» ልለው ነው። ይስማማል?

አራሚ፦

የሚናገረው ውሸትና ማመካኛ ከሆነ አዎ።

ጠብቆ ላልቶ፦

ቆይ፣ እዚህ ላይ ከአራሚ ጋር አልስማማም፤ ጥያቄውን በደንብ አንብበው። ሰውየው «ያልተጠየቀውን ሁሉ» ነው የሚናገረው። የሚያወጣው እውነት ከሆነ ቀባጠረ ታሪኩን ያበላሸዋል፤ አንባቢው የሰውየውን ንግግር ስለማያምን በኋላ የተናገረው ትክክል ሆኖ ሲገኝ ግራ ይጋባል። ብራና ፋቂ፣ መርማሪው በቃሉ ሄዶ ዕቃውን ያገኛል ወይስ አያገኝም?

ብራና ፋቂ፦

ያገኛል። ግብረ አበሮቹንም በስም ይጠራል።

ጠብቆ ላልቶ፦

እንግዲያስ ቀባጠረ ወጣ። አሁን ያለህ ምርጫ ታሪኩን የሚያየው ማን እንደሆነ ላይ ነው የሚወሰነው። በግብረ አበሮቹ ዓይን ከሆነ «ለፈለፈብን» ነው፤ ያቺ «ብ» ጉዳቱን ትሸከማለች። በመርማሪው ዓይን ከሆነ «አስለፈለፈው»፣ ሥራው የእሱ ነውና። ተራኪው ገለልተኛ ከሆነ ደግሞ «ዘከዘከው» ወይም «ዘረገፈው» በል፤ ከረጢት ገልብጦ እንደማራገፍ ነው፣ ውስጡ ምንም አልቀረም። «ተናዘዘ» ግን አትበል፣ ጸጸት ይገባበታል።

የአንዷ ፊደል ለውጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ሦስቱን ጎን ለጎን አንብባቸው፦
«ያየውን ሁሉ ለፈለፈብኝ» — አጋለጠኝ፣ ጎዳኝ።
«ያየውን ሁሉ ለፈለፈልኝ» — ሳልለፋ ሰማሁ፣ ጠቀመኝ።
«ቁጭ ብሎ ይለፈልፍልሃል» — እዚህ ጥቅምም ጉዳትም የለም፤ «ልሃል» የምትጠራው ሰሚውን ነው፣ «እየው እንግዲህ» እንደማለት። ይህችን ሦስተኛዋን ቃል በቃል የሚተረጉማት ሰው «ለአንተ ይለፈልፋል» ይልና ይሳሳታል።

አራሚ፦

ተቀብያለሁ፣ ፍሬ ነገሩ እውነት መሆኑን ከጥያቄው አላየሁትም። አንድ ነገር ብቻ፦ ሰውየው መጀመሪያ ክዶ በኋላ ከሆነ ያወጣው፣ ሁለቱንም ተጠቀምባቸው። ሲገባ ቀባጠረ፤ ሌሊት ሲጋመስ ዘከዘከው። የቃላቱ ልዩነት ራሱ ትዕይንቱን ይከፍልልሃል።

ቅጽ ሞይ፦

ከልቦለድ ወጣ ያለ ነገር ልጨምር፣ ለጤና ቅጽና ለመጠይቅ ትርጉም ለምትሠሩ። ከወትሮው በላይ መናገር ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበት የአእምሮ ሕመም ምልክት ሆኖ ይጠየቃል። እዚያ ላይ «ለፍላፊ ሆነዋል?» ተብሎ የተጻፈ ቅጽ ዋጋ የለውም፤ ማንም ስለ ራሱ «አዎ» አይልም፣ ቤተሰብም ስለ ታማሚው ሲጠየቅ ይቆጣል። ጠባይን የሚሰይም ቃል ትታችሁ የሚታየውን ጻፉ፤ ለሦስት ከፍላችሁ፦ ከወትሮው በላይ ይናገራል? ሲናገር ይፈጥናል? ሰው ሊያቋርጠው ቢሞክር ያስቸግራል? «ከወትሮው» የምትለዋ ቃል እንዳትወድቅ፤ ተፈጥሮው ወሬ ወዳድ የሆነ ሰው አለና መለኪያው ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው። «ዘባረቀ»ንም ለሐሳብ መዘበራረቅ ምልክት አትጠቀሙበት። «ከአንዱ ርእስ ወደ ሌላው ይዘላል» ይበቃል።

ሰያፍ ጭረት፦

መጨረሻ ላይ የፊደል ስሕተቶች፣ ብራና ፋቂ ረቂቁን እያረመ ስለሆነ።

ለፈለፈና ፈለፈለ ሲተይቡ ይገለባበጣሉ፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ማረሚያ ሶፍትዌር አይዛቸውም። ጫጩት የምትፈለፍለው፣ በቆሎ የሚፈለፈለው፣ ቤተ ክርስቲያን ከአለት የሚፈለፈለው በፈ ሲጀምር ነው። «ሲፈለፍል ዋለ» ተብሎ ስለ ወሬኛ ሰው የታተመ ዓረፍተ ነገር ያስቃል እንጂ አያስረዳም።

ሌላው ለፈፈ ነው። ይህ ባለ ሦስት ፊደል ነው፣ መካከለኛዋ ፈ ሁልጊዜ ትጠብቃለች፦ ለፈፈ፣ ይለፍፋል፣ መለፈፍ፣ ለፋፊ፣ ልፈፋ። ትርጉሙ ጮክ ብሎ ለብዙ ሰው ማሰማት ነው፤ አዋጅ ይለፈፋል፣ ድምፅ ማጉያ ይለፍፋል። ሰው ቤቱ ተቀምጦ አይለፍፍም፣ ይለፈልፋል። ስለዚህ የፕሮፓጋንዳን ነገር ስትጽፍ «ልፈፋ»፣ የሰፈር ወሬን ስትጽፍ «ልፍለፋ»።

በመድረክ ላይ ለሚረዝም ሰው ደግሞ ደሰኮረ አለልህ። ከፈረንሳይኛ የመጣው ዲስኩር ነው ግስ ሆኖ የረባው፤ ይደሰኩራል፣ ደስኳሪ። ዲስኩር ራሱ በድሮ ጽሑፍ የክብር ቃል ነበር፣ አሁን «ደሰኮረ» ሲባል ግማሹ ሹፈት ነው። ታሪክህ የቆየ ዘመን ላይ የተመሠረተ ከሆነ ይህን አስብበት።

ብራና ፋቂ፦

ታሪኩ የዛሬ ነው። ረቂቁ ውስጥ «ለፍላፊ» ስንት ቦታ እንዳለ አሁን ፈልጌ 11 ቦታ አገኘሁ፤ ከአንዱ በቀር ሁሉንም አውጥቻለሁ። የቀረው ተጠርጣሪው ሲፈታ ግብረ አበሩ በር ላይ ጠብቆ የሚለው ነው።